ሎሚ፣ ሃይላንድና የዓባይ በረሃ

ጎሐ ጽዮን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ረዳቱ ጥቁር ፌስታል ማደል ጀመረ። ፌስታል የሚቀበሉ ሰዎች ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሃያ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ፌስታል ታቅፎ መቀመጡ ደስ አይልም፤ ቢሆንም ራሴን አውቃለሁና ተቀበልኩ።

«መኪና አይስማማህም እንዴ ልጄ?» አሉ ከጎኔ የተቀመጡት እናት። ከነጠላቸው ጫፍ ሎሚ ፈተው ሰጡኝ።

የመጀመሪያው ኩርባ። ግማሽ ድረስ የተጠጣች ሃይላንድ ጉልበቴ ላይ አጋድሜያለሁ። አውቶቡሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ውሃው ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ መንገዱ ሲቀና ደግሞ መኪናው የተወውን ዙር ውሃው ገና አልጨረሰም፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጆሮዬ ውስጥም ከዚህ የማይርቅ ነገር እየሆነ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀለበት መሳይ ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና ጥቃቅን ፀጉር ያበቀሉ ሕዋሳትን ያጎነብሳቸዋል። ከቱቦዎቹ ሥር ያሉት ሁለት ከረጢቶች ደግሞ የካልሲየም ካርቦኔት ብናኝ ተሸክመዋል፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ብናኙ ወደፊት ይንሸራተታል። በመስኮት የማየው ገደልም የኖራ ድንጋይ ነው፤ ያው ካልሲየም ካርቦኔት። የገደሉን ዘመድ በጆሮዬ ይዤ ገደሉን እወርዳለሁ።

ተማሪዎቼ እዚህ ድረስ በደንብ ይከተሉኝ ነበር። የሚያንቀላፉት እኔ በጣም የምወደው ክፍል ላይ ስደርስ ነው። ፀጉሮቹ የተነከሩበት ፈሳሽ እንደ ደም ሶዲየም የበዛበት አይደለም፤ ፖታሲየም ነው የሞላበት። ፀጉሮቹ ወደ አንድ ወገን ሲያጎነብሱ ጫፋቸው ላይ ያሉት በሮች ይከፈቱና ፖታሲየም ይገባል። በዚህ የሕዋሱ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ በግርጌው በኩል ካልሲየም ይገባል፤ ካልሲየሙ ደግሞ ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል ነርቩ ላይ ያስረጨዋል። ወደ ሌላው ወገን ሲያጎነብሱ ርጭቱ ይቀንሳል። ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ እንኳ ጨርሶ አይቋረጥም። አንጎል የሚሰማው መብዛቱንና ማነሱን ነው፤ አሁን ወደ ግራ ስንታጠፍ የግራ ጆሮዬ ጨመረ፣ የቀኙ ቀነሰ። አንዳንዱን ሕዋስ የነርቩ ጫፍ እንደ ሲኒ ዙሪያውን አቅፎታል። እዚያ ጠባብ ቦታ የሚጠራቀመው ፖታሲየም ራሱ፣ ግሉታሜቱን ሳይጠብቅ፣ ነርቩን ይነካዋል።

ችግሩ ዓይኔ ነው። የፊቴን ወንበር ጀርባ እያየ «ቆመናል» ይላል፤ ጆሮዬ «ዞረናል፣ ወርደናል» ይላል። የብዙ ተመራማሪዎች አስተያየት የሚያቅለሸልሸን ይኸው አለመግባባት ነው የሚል ነው። ሾፌራችን ይኸው ማስቲካ ያኝካል፤ ኩርባው ሳይደርስ እጁ አውቆታል።

ድልድዩ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ጆሮዬ ጠቅ ብሎ ተከፈተ፤ ይህ ከከፍታው ጋር የሚለዋወጠው የአየር ግፊት ነው እንጂ ከሚዛን ጋር አይገናኝም። ከኋላዬ አንድ ልጅ ፌስታሉን ተጠቀመበት።

ጠዋት የዋጥኩት ኪኒን እንቅልፍ አመጣብኝ። የዚህ ዓይነት መድኃኒት ታሪክ ያስቀኛል፦ እ.ኤ.አ. በ1947 ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ለቆዳ ሽፍታ ዳይመንሃይድሪኔት የተሰጣት ሴት፣ ዘወትር የሚያማት የከተማ ባቡር ጉዞ አላመማትም። በዓመቱ ከአሜሪካ ወደ ጀርመን በሚጓዝ መርከብ ላይ በወታደሮች ተሞከረ። የኔው ኪኒን የዚያ ዘመድ ነው። ጆሮዬን ግን ዝም አላሰኘውም፤ ግሉታሜቱ አሁንም ይረጫል። ኪኒኑ የዘጋው አንጎል ውስጥ ያለውን የሂስታሚን መቀበያ ነው። እንቅልፉም የመጣው በዚያው በር ነው።

ደጀን። ወርደን ሻይ ያዝን፤ መሬቱ ትንሽ ይወዛወዝብኛል። ለእናትየዋ ስለ ጆሮው ውሃ፣ ስለ ብናኙ፣ ስለ ርጭቱ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እሺ፣ ውሃው በጆሮ ነው አልክ። ሎሚው የሚገባው በአፍንጫ ነው። ታዲያ ለምን ተሻለህ?»

«ኪኒኑ ነው እኮ እማማ።»

«እኔስ? እኔ ምን ዋጥኩ?»

ፌስታሉን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሎሚውን ግን አልመለስኩላቸውም።