ጥግህን ያዝ

ልጇ ሳይክል የሚነዳባት እናት ምክሯ አንድ ነው፤ «ጥግህን ይዘህ ሂድ!» እህቴም ከእምድብር በደወለች ቁጥር፣ እኔ ዘንድ ሆኖ ወልቂጤ ለሚማረው ልጇ ይህንኑ ትደግምለታለች። ምክሩ ለቀጥታ መንገድ ደግ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን አደጋ አለው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወልቂጤን ሰንጥቆ ያልፋል። አይሱዙው፣ ተሳቢው፣ ሚኒባሱና ባጃጁ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ጥጉን ይዞ በመኪናው ቀኝ ጎን የቆመ ሳይክለኛ ያን ጊዜ በጎማውና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ይቀራል። ሹፌሩ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ስፖኪዮው ስለማያሳየው ነው።

ስለዚህ ለልጁ ሌላ ትምህርት ጨመርሁለት። መጋጠሚያው ጋ ሳትደርስ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ዞረህ ኋላህን ተመልከት። ከከባድ መኪና ጎን አትቁም፤ ከኋላው ቆይ። ቀጥታ የምታልፍ ከሆነ ከጥጉ ጥቂት ወጣ ብለህ ታይ። ሳይክል ፍሬቻ የላትም፤ ፍሬቻዋ ክንድህ ነውና ሳትታጠፍ አስቀድመህ ዘርጋው። የሹፌሩን ዓይን ፈልግ፤ ካላገኘኸው ቁም። ወደ ግራ መታጠፉ ካስፈራህ ወርደህ፣ ሳይክልህን እየገፋህ እንደ እግረኛ ተሻገር፤ ነውር የለበትም።

ልጁ ጽጋቡ ግርማይን ይወዳል፤ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ። ለተወዳዳሪ ግን መንገዱ ይዘጋለታል፤ ለተማሪ ማን ይዘጋለታል?

እህቴ ትምህርቴን ስትሰማ ተቆጣች። «ልጄን መሐል መንገድ ልታስወጣው ነው?» አለችኝ። ቁጣዋ ይገባኛል። እኛ ስናድግ ጥግ መያዝ የመንገድ ደንብ ብቻ አልነበረም፤ የድሃ የኑሮ ብልሃትም ነበር። ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ለትልቁ ልቀቅ፣ ማንም አይይህ። በባንክ መስኮት ተቀምጬ ዕለት ዕለት አየዋለሁ፤ የገዛ ገንዘቡን ሊያወጣ መጥቶ፣ ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ሰው አለ።

«መታየት ድፍረት አይደለም» አልኋት። «ሹፌሩም እኮ የእናት ልጅ ነው። ሳያይ ነፍስ አጥፍቶ ዕድሜውን ሙሉ እንዳይጸጸት፣ ልጅሽ አስቀድሞ ይታየው።»

ስልኩ ውስጥ ዝም አለች። ቆይታ፣ «እንግዲያው ደማቅ ቢጫ ሹራብ እልክለታለሁ» አለች።

እኔም በደብተሩ ጀርባ ሁለት ስንኝ ጻፍሁለት፦

እጄን ዘርግቻለሁ፣ ዓይንህን ሽቻለሁ፤
ሳታየኝ ብትመጣ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ።