ወሬና ገበያ በመርካቶ

ገበያ ሸቀጥ ለመለወጥ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ወሬም ከገበያ ይሸመታል። በቀድሞ ዘመን አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበርና፥ ገበያተኛው ሁሉ መልእክተኛ ሆኖ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር።

የአዲስ አበባ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆይቶ፥ በጠላት ወረራ ጊዜ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተባለ። ስሙ ጣልያንኛ ቢሆንም ልማዱ ያው የአራዳው ነው።

በመርካቶ ሸቀጡ ሁሉ በየተራው ነው። የአንድ ተራ ነጋዴዎች ጎረቤታሞች ስለ ሆኑ የበርበሬውን ዋጋና የጭነቱን መግባት ቡና ሲጠጡ ይነጋገራሉ፤ ደላላውና ተሸካሚው ከተራ ወደ ተራ ያደርሱታል። አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ታድሶ የሚሸጥበት ሠፈርማ «ምን አለሽ ተራ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው።

ይህ ልማድ ለድኻ ይጠቅማል፤ ዋጋ ሳይሰማ የሸጠ ገበሬ የዓመት ድካሙን ያጣልና። ነገር ግን «ስኳር ሊጠፋ ነው» የሚል አንድ ቃል ገበያተኛውን ያሻማል፤ ያልጠፋውም በሽሚያው ይጠፋል። ስለዚህ አባቶች «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» እንዳሉ፥ የሰማነውን ወደ ቤታችን ከማስገባታችን በፊት ሁለተኛ ሰው መጠየቅ ይገባናል።