የመነኮሰችው ድመት

እንግሊዞች ዶፍ ሲወርድ ‹‹ድመትና ውሻ ዘነበ›› ይላሉ። ምሥጢር ያወጣውን ሰው ‹‹ድመቷን ከከረጢት ለቀቃት››፣ ዝም ያለውን ደግሞ ‹‹ምላስህን ድመት ወሰደችው ወይ?›› ይሉታል። እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከምንም በላይ የሚያስቃቸው ይኸው የድመት ነገር ነው። በአንዱ ብቻ አይሥቁም፤ ለድመት ዘጠኝ ነፍስ በመስጠት እኛም እነሱም ተስማምተናል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ‹‹ድመትን የገደላት ጉጉት ነው›› የሚለው ነው። ነገር አትጎርጉር ለማለት የሚተርቱት ነው። ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1598 በታየው ተውኔቱ ውስጥ ግን ገዳዩ ጉጉት ሳይሆን ጭንቀት ነው። ሼክስፒርም የሚያውቀው በዚሁ መልኩ ነበር። ጉጉት በጭንቀት ቦታ የገባው በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው። ተረቱ ራሱ ዐመሉን ረሳ ማለት ነው።

የእኛዋ ድመት ይህ አልተፈቀደላትም። ‹‹ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ›› ተብሎ ተፈርዶባታል። መቼም ክፍል ውስጥ ሲሰሙት ያስቃል፤ ባደግሁባት በመካነ ሰላም ግን ይኸው ተረት ሰው ሲጥል አይቻለሁ።

በሠፈራችን መጠጥ የተወ አንድ ጎልማሳ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠላ ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ወሎ ነውና በሠርግ ቤት ለክርስቲያኑ ጠላና ጠጁ፣ ለሙስሊሙ ብርዙ ለየብቻ ይሰናዳል። ሰውየው በአንድ ሠርግ ላይ ከሙስሊሞቹ ጎን ተቀምጦ ብርዙን ሲያነሣ፣ ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ፣ ጠጅ መስሏቸው ይሁን ለጨዋታ ያህል፣ ያችን ተረት ጣል አደረጉ። ዳሱ በሣቅ ተናጋ። ሰውየው ብርሌውን አስቀምጦ ወጣ። በዚያው ሳምንት ጠላ ቤት ታየ። ‹‹አላልንም!›› ተባለ።

አጠገቡ የነበሩት ጎረቤታችን ሼህ አልሣቁም። በኋላ አያቴ ዘንድ ቡና ሲጠጡ ወሬው ተነሣ። ‹‹እኛ ዘንድ ድመት እንዲህ አትታማም›› አሉ። የነቢዩ ባልደረባ የአቡ ሁረይራ ቅጽል ስም ‹‹የድመቷ አባት›› ማለት እንደሆነ ነገሩን። ቀጥለውም የአንዲት ሴት ታሪክ አመጡ። ሴትየዋ ድመቷን አስራ ያዘቻት፤ ራሷ አላበላቻትም፣ ወጥታ አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷ ሞተች፤ ሴትየዋም በዚህ ተቀጣች። ሼሁ ፍንጃላቸውን እያስቀመጡ ‹‹እናንተም ያን ሰው በተረት አሰራችሁት›› አሉ።

ለነገሩ ዐመሏ የተባለው አይጥ መብላቷ አይደለም? ገብስና ስንዴ በጎተራ በሚከርምበት ደጋ ድመት የምትኖረው ለዚሁ ዐመሏ ነው። ብትረሳው ማን በቤቱ ያኖራት ነበር?

አያቴ ከዚያ ወዲህ ያችን ተረት ስትተርት አልሰማኋትም። ጎተራ ጠባቂ ድመቷን ግን ጠዋት ጠዋት ምንም አትሰጣትም ነበር። ‹‹ከጠገበች አይጥ አትይዝም›› ትላለች።