ስም በመንገድ እንዳይቆረጥ

የተወለድኩባት ቢዮ አዋሌ ስሟ በሁለት ቃል ይጻፋል። ለሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለኮምፒዩተር ግን ጣጣ አለው። በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴ ብዙ ተብሏልና እኔ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ለሼል ስክሪፕት ዕቃውን እንዴት እንደሚያቀብል ላውጋችሁ። «ለእጩ መምህር ምኑ ነው?» የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ውጤት የሚደምረው በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ነው፤ ካርዱን የሚያዘጋጀው ግን አንዲት አጭር የሼል ስክሪፕት ነች። ፕሮግራሙ ስምና ውጤቱን በአንድ መስመር ቀጣጥሎ ይልክላታል። ሼል ደግሞ ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ይቆርጣል። ስለዚህ $1 የልጁ ስም ብቻ ሆነ፤ ውጤት መሆን የሚገባው $2 የአባት ስም ሆነ፤ እውነተኛው ውጤት $3 ላይ ተቀምጦ ጠያቂ አጣ። በሂሳብ 81 ያመጣ ልጅ በውጤቱ ቦታ የአባቱን ስም አንብቦ «ቲቸር፣ ወደቅኩ ማለት ነው?» ሲለኝ አንጀቴን በላው። በእኛ አገር ስም ያለ አባት ስም አይሞላም፤ ታዲያ ክፍት ቦታ የሌለው ስም ከየት ይምጣ?

መድኃኒቱ ሁለት ቦታ ነው። ፕሮግራሙ ሁሉንም በአንድ መስመር ከመስፋት ይልቅ እያንዳንዱን ለየብቻ በዝርዝር መልክ ይስጥ፤ ያኔ ሼል መሐል ገብቶ አይቆርጥም። ስክሪፕቷም በበኩሏ በጥቅስ ምልክት ከባ "$1" ትበል፤ ሁሉንም ለሌላ ስታስተላልፍ ደግሞ "$@"። አንዱ ብቻ ቢስተካከል አይበቃም፤ ደህና የደረሰ ስም እስክሪፕቷ ውስጥ እንደገና ሊቆረጥ ይችላልና። እኔ መፈተኛዬ «ቢዮ አዋሌ» ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በ1979 እ.ኤ.አ. ከቤል ላብራቶሪ በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም፣ ከቦርን ሼል ጋር የመጣው የአካባቢ ተለዋዋጭ ነው። ፕሮግራሙ ዋጋውን ስም ሰጥቶ ያስቀምጣል፤ ስክሪፕቷ በስሙ ታነሳዋለች፤ ተራ መሳሳት የለም። ዳሩ ግን የወረሰችው ቅጂ ነው። እሷ ብትለውጠው የላኪው አይለወጥም፤ ልጅ ከወላጅ ይወርሳል እንጂ ወላጅ ከልጅ አይወርስም።

መልስ ሲያስፈልግ ስክሪፕቷ ትጽፋለች፣ ፕሮግራሙ ያነባል፤ ወይም ስትጨርስ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ትተዋለች። 0 ማለት በሰላም ተፈጸመ ነው (እኛ ዘንድ ዜሮ ያስለቅሳል፣ እዚያ ምሥራች ነው)። አሁን በዚያ ትምህርት ቤት ውጤቱ ቁጥር ካልሆነ ስክሪፕቷ በ1 ትወጣለች፤ ፕሮግራሙም ያንን አይቶ ካርዱን አያትምም።