ቀይ መብራት

አሜሪካ የምትኖረው አክስቴ ባለፈው ክረምት ስትመጣ ለእናቴ አንድ ነጭ ሣጥን ይዛላት መጣች፡፡ «አየር ማጣሪያ ነው፤ ለአስምሽ» አለቻት፡፡ እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችውና «አየር ደግሞ እንደ ጠላ ይጠለላል እንዴ?» አለች፡፡

ይጠለላል፡፡ ሣጥኑ ውስጥ ማራገቢያና ሄፓ የሚባል ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ አለ፡፡ ማራገቢያው የክፍሉን አየር እየሳበ በማጣሪያው ያሳልፈዋል፡፡ ደረጃውን የጠበቀ ሄፓ 0.3 ማይክሮሜትር ከሚያህሉ ብናኞች 99.97 በመቶውን ያስቀራል፡፡ ፊቱ ላይ ያለችው መብራት ደግሞ አየሩ ሲጠራ ሰማያዊ፣ ሲበከል ቀይ ትሆናለች፡፡

ሁለት ቀን ሰማያዊ ሆና ከረመች፡፡ እሑድ እናቴ ሳሎን ውስጥ ከሰል አያይዛ ቡና መቁላት ስትጀምር ብርቱካናማ ሆነች፤ ዕጣኑ ሲጨመር ቀይ! ማሽኑ እንደ አውሮፕላን ያጓራ ጀመር፡፡ እናቴ ተነስታ ከሶኬቱ ነቀለችው፡፡ «ሰው ቤት ገብቶ ቡናዬን ይሳደባል?»

ሳቅን፡፡ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አልሳቅንም፡፡ ደረቷ እያፏጨ፣ የምትስበውን መድኃኒት በጨለማ ስትዳብስ ደረስኩ፡፡ አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ስንት ዓመት ብርዱንና የመንገዱን አቧራ ስንከስ፣ መስኮት ስንዘጋ ኖርን? ጠላት ለካ ከእኛው ጋር ተቀምጦ ቡና ይጠጣ ነበር፡፡

ጠዋት ማንበብ ጀመርኩ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፡፡ ይባስ ብሎ ማሽናችን ብናኝ እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም፡፡ ሽታ የሌለው፣ ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙትን የሚገድለው ጋዝ እሱ ነው፡፡ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማጣሪያው ባዶ ሣጥን ነው፡፡ ስለዚህ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ከሰሉ ነው፡፡

«እማዬ፣ ቡናሽን አልነካም፤ ከሰሉን ብቻ» አልኳት፡፡ ሦስት ሳምንት ተደራደርን፡፡ አሁን ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላል፣ ጀበናው ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣዳል፣ መስኮት ይከፈታል፡፡ ዕጣኑ ላይ ግን ፍንክች አላለችም፤ አንዲት ፍሬ ብቻ ታጨሳለች፡፡

ባለፈው እሑድ መብራቷ ብርቱካናማ ላይ ቆመች፡፡ እናቴ አየት አድርጋት ሲኒውን አቀበለችኝ፡፡

«ይቺን ያህልማ ትቻለን፤ እኛም ጩኸቷን ችለናል፡፡»