«ማሬ» ብሎ ጻፈልሽ፤ ከዚያስ?

ጅማ ላይ «ማሬ» ያልተባለ ሰው የለም። ሒርማታ ገበያ በርበሬ የምትሸጥልሽ ሴት «ሆዴ፣ ልመርቅልሽ» ትልሻለች። የባጃጁ ልጅ «የኔ ቆንጆ፣ ዝርዝር የለሽም?» ይላል። ይህን ሰምቶ ሽማግሌ የሚጠብቅ የለም። ያው ቃል ማታ በቴሌግራም ሲመጣ ግን ጓደኛሞች ተሰብስበው ይተነትኑታል።

ባለፈው ኅዳር አንዷ ስልኳን አቀበለችኝ። ልጁ አጋሮ ነው፤ የአባቱን ቡና ያደርቃል። «ድሮ 'ፍቅሬ' ነበር የሚለኝ፤ አሁን 'እሺ ማር' ሆነ» አለች፣ ከማዕረግ እንደተሻረ ሹም። ከፍ አድርጌ አነበብኩት፦ «ደመና ይዟል። አልጋውን ላስቲክ አልብሰን እየጠበቅን ነው። መብራት የለም፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው። እንዳታስቢ፣ ጠዋት እደውላለሁ።»

«ደወለ?»

«አዎ፣ በአንድ ሰዓት።»

መደወሉን ማንም አላነሳውም! ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋሮ፣ ሊሙና ጌራ ላይ ለወሬ ጊዜ የለም። ቀዩ እሸት በእጅ ይለቀማል። የሚደርቀው አልጋ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲገላበጥ ይሰነብትና ጀንፈል ይሆናል፤ እስከዚያ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። የልጆች ደብተር፣ ዕዳው፣ ጥሎሹ፣ ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ቡና ነው።

ስለዚህ እኔ ጆሮዬን የምሰጠው «ቡናው ይሸጥና ቤተሰብ እልካለሁ» ለሚለው ነው። ማር የለበትም፣ ሆድ የለበትም፤ ቀጠሮ ግን አለው። እርግጥ ቡናም ያሳፍራል። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ዋጋ በአሥርት ዓመታት ወዳልታየ ወለል ሲወርድ «ለከርሞ ይቆይ» ያለ ልጅ ሁሉ ውሸታም አይባልም። ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመትም «ለከርሞ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ስለ ቡናው ሳይሆን ስለ ልቡ መጠየቅ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «አትጥፊ እሺ የኔ ማር» የሚሉት ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ባስመረቀ ቁጥር ከተማው በዚህ ቃል ይጥለቀለቃል። ልጁ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ የመደወሉን፣ የመፈለጉን፣ የመናፈቁን ሥራ ላንቺ ያስረክባል። አንቺ ዝም ስትይ ደግሞ የጠፋሽው አንቺ ነሽ። ይህን ለመፍታት ጓደኛ መሰብሰብ አያስፈልግም ነበር፤ እኔን ግን አሁንም ስክሪንሾት እየላኩ «ምን ማለቱ ነው?» ይሉኛል።