ሰይፍ የሚቆጥሩ ልጆች በጥያ

ከዓለምገና ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ እወደዋለሁ። በመልካ ቁንጥሬ አዋሽን ተሻግሮ፣ የአዳዲ ማርያምን መገንጠያ አልፎ ሶዶ ሲገባ እንሰቱ ከየጓሮው ብቅ ብቅ ይላል። ጥያ ትንሽ ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ግን 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ፎቶግራፋቸውን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ አጠገባቸው ስቆም ግን ልቤ ደነገጠ። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ድንጋይ ላይ ሰይፍ በሰይፍ ተደርድሮ ሲያዩት ዝም ያሰኛል።

የወንድሜን ሁለት ልጆች ይዤ ነበር። እነሱ ዝም አላሉም። በሩን እንዳለፉ ሰይፍ ሊቆጥሩ ተሯሯጡ።

“ጋሼ፣ እነዚህን ማን ነው የተከላቸው?” አለች የሦስተኛ ክፍሏ።

“የኔ ልጅ፣ እኛ የግራኝ ድንጋይ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው” አላት አስጎብኚው። “ቁፋሮው ግን ሌላ ነገር ነው ያሳየው።”

ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር እንዳለ፣ የተቀበሩትም አብዛኞቹ ወጣቶች እንደነበሩ፣ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚገመት እየተረጋጋ አስረዳቸው። ግራኝ የሚባለው ኢማም አሕመድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች፦ “ታዲያ ግራኝ ማን ነው?”

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በአገራችን ልጅ የግራኝን ስም የሚሰማው ከቤቱ ነው፤ እንደየቤቱም ወይ አውሬ ሆኖ ወይ እንከን የሌለው ጀግና ሆኖ ይደርሰዋል። እኔ የያዝኩላቸው ከዘመቻው የተረፉ ጽሑፎችን ነበር። አንደኛው ዓረብ ፈቂህ የተባለው ጸሐፊ የኢማሙን ዘመቻ የመዘገበበት “ፉቱሕ አል-ሐበሻ” ነው። በየቀኑ የተጻፈ የግል ማስታወሻ አይደለም፤ ግን ሰውየው በዘመኑ የኖረ፣ ያየውንና ካዩት የሰማውን የጻፈ ነው። ከሣሩ ላይ ተቀምጠን፣ ልጅ በሚገባው አማርኛ እያደረግሁ ነገርኳቸው።

በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የአጼ ልብነ ድንግልን ጦር ሲያሸንፍ ኢማሙ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ እንደነበረ ስነግራቸው ገረማቸው። ከሁሉ የያዛቸው ግን የድል ወንበራ ታሪክ ነው። ወታደሮቹ ትቅር ቢሉም የኢማሙ ሚስት አብራ ዘመተች፤ ዳገትና ቁልቁለቱ ሲከፋ ሰዎች ተሸከሟት፤ በዘመቻው መካከል ሁለት ልጆች ወለደች። “ሕፃኑ በጦርነቱ መሃል አላለቀሰም?” አለ ትንሹ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኢማሙ ለእሱ አባት ሆነ።

ከባዱን ገጽም አልደበቅኳቸውም። ኢማሙ መካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በወርቁና በሥዕሉ ተደነቀ፤ እንዲህ ያለ ቤት በሌላ አገር አይታችኋል ወይ ብሎ አብረውት ያሉትን ጠየቀ፤ ከዚያም ቤቱ ተቃጠለ። ይህን የጻፈው የገዛ ወገኑ ነው።

“ካደነቀው ለምን ተቃጠለ?” አለች ልጅቷ።

ስለዚያ ጦርነት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከትልቅ ሰው አልሰማሁም። መልስ አልሰጠኋትም፤ የሌላውን ወገን ጽሑፍ አመጣሁላት። በ1533 ዓ.ም. የክርስቲያኑን ወገን ሊረዱ ምጽዋ ከወረዱት 400 ያህል ፖርቱጋሎች አንዱ የሆነው ሚጌል ደ ካስታኞሶ የዘመቻውን ታሪክ ጽፏል። እዚያም ሌላ እናት አለች፤ ከደብረ ዳሞ አምባ ወርዳ ከጦሩ ጋር የተጓዘችው የአጼ ልብነ ድንግል ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌል። ልጇ ሚናስ ተማርኮ የመን ድረስ ተወስዶባታል። በ1535 ዓ.ም. ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ሲሞት ደግሞ የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በተራው ተማረከ። በመጨረሻ ሁለቱ ልጆች በልውውጥ ተለቀቁ፤ እያንዳንዱ ወደ እናቱ ተመለሰ። ሚናስ ኋላ ነገሠ።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የማን ወገን ያሸንፍ የሚለውን ረስተው ነበር። ማን ቀድሞ ቤቱ እንደገባ፣ የመን በምን እንደሚኬድ፣ እናቶቹ ተያይተው እንደሆነ ጠየቁኝ። አስጎብኚውም አጠገባችን ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር።

በሶዶ ምድር፣ በአጠቃላይ በጉራጌ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ ናቸው፤ በአንድ ሠርግ ለሁለቱም የሚታረደው ለየብቻ ይዘጋጃል። እንዲህ ባለ አገር የሚያድግ ልጅ የ16ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት በአንድ ወገን ጆሮ ብቻ ሊሰማ አይገባውም። ስምንት ዓመት ለዚህ ትንሽ ነው የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ልጅ የማይችለው በስድብና በውዳሴ የተሞላ ታሪክ ነው፤ እናት፣ ሕፃን፣ ዳገትና የተቃጠለ ቤት ያለበትን ግን በሚገባ ይችላል።

መምህራን ሆይ፣ ወላጆችም፣ ልጆቻችሁን ወደ ጥያ ውሰዱ። መጀመሪያ ሰይፉን ይቁጠሩ። ከዚያ ዓረብ ፈቂህንና ካስታኞሶን ጎን ለጎን አንብቡላቸው፤ አንዱን ብቻ አታንብቡ።